ሁለቱ ፋሲካዎች

ልጅ ሳለሁ ጎፋ ሰፈር መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ የእናቴ አባት፣ መሪጌታው አያቴ፣ ሻማ አብርተው የከሰሉን ምድጃ ወደ እግራቸው ስበው ተረት የሚጀምሩት ያኔ ነበርና። አንበሳና ጦጣ ግን አያውቁም፤ ተረታቸው ሁሉ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ ነው።

በመጋቢት ቀንና ሌሊት እኩል እንደሚሆኑ፣ ፋሲካም ከዚያ ወዲያ ጨረቃዋ ሞልታ ካለፈች በኋላ እሑድን ጠብቆ እንደሚመጣ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ይነግሩኝ ነበር። ፈረንጆች ግን ቁጥራቸው ከፀሐይዋ ጋር አልገጥም ቢላቸው ከወሩ ላይ ቀኖች ቆርጠው ጣሉ፤ እኛ አልጣልንም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ይቀድሙናል። እዚህ ሲደርሱ «ጾሙ ረዝሞባቸው ይሆናላ» ብለው ይስቁ ነበር።

አንድ ዓመት በዐቢይ ጾም እናቴ ታመመች። ሐኪሙ ወተትና እንቁላል እንድትወስድ አዘዘ፣ የንስሐ አባቷም ፈቀዱላት፤ እሷ ግን «ከእናንተ ጋር እፈስካለሁ» ብላ አሻፈረኝ አለች። በየቀኑ ስትከሳ እያየሁ እፈራ ነበር። የፈረንጆቹ ፋሲካ ሲደርስ የእኛ ገና ከወር በላይ ይቀረው ነበር። በዲሽ የእነሱን ቅዳሴ አይቼ «አባባ፣ እነሱ ጋ ተነሥቷል አይደል? ታዲያ እማዬ ለምን አትበላም?» አልኳቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ተነሡና ለእኔ የተገዛውን ወተት አፈሉ፤ ምግብ ሲያበስሉ አይቼ አላውቅም። ብርጭቆውን ይዘው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ዛሬ ፋሲካ ነው» አሏት።

«የማን ፋሲካ፣ አባዬ?»

«የተነሣው አንድ ነው። ጠጪ።»

እናቴ ብርጭቆውን በመዳፏ ቀስ አድርጋ መለሰች። «ዕድሜ ልክዎን ያስተማሩትን ለእኔ ብለው አያፍርሱት» አለች። አያቴ ወተቱ እስኪቀዘቅዝ ከአጠገቧ አልተነሡም።

በሆሳዕና ማግስት አረፈች። ከዚያ ወዲያ መብራት ሲጠፋ አያቴ ሻማውን ያበሩ ነበር እንጂ ስለ ጨረቃ አላወሩኝም።

አሁን የምኖረው ሀና ማርያም ነው። አንዳንድ ዓመት ሁለቱ ፋሲካዎች በአንድ እሑድ ይውላሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዓለም አብሮ ፈሰከ ብሎ ደስ ሲለው እኔ እበሳጫለሁ፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ወተቱን ብትጠጣ ትድን እንደነበርም አላውቅም። የማውቀው አያቴ ያን ማታ ለልጃቸው ሲሉ ፋሲካን ከቦታው ሊያነሡ መሞከራቸውን፣ እሷም ለአባቷ ስትል አለመፍቀዷን ነው።