የጋሼ ግራ ጉልበት

ያን ቀን ባሮ ዳር፣ አሸዋው ላይ የነበርነውን ልጥራ፦ ትግል የሚያስተምሩን ኑዌሩ ጋሼ፣ ባጃጅ ነጂው ጓደኛዬ፣ ከዛፉ ሥር ማንጎ የምትሸጠው እህታችን እና እኔ። አንድ ውሻም ነበር፤ ተኝቶ ስለነበር ግን ምስክር አይሆንም።

ቅዳሜ ከድልድዩ ማዶ ካሉት ልጆች ጋር ግጥሚያ ነበረን፤ የቀረውም አንድ ቦታ ነው። ባለፈው በጋ የሌሎችን ልብስ ይዤ ዳር የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ ቦታዋን አጥብቄ ፈልጌያት ነበር፤ ባጃጅ ነጂውም እንዲሁ። ጋሼ፣ «ሁለታችሁ ግጠሙ። ጀርባው አሸዋ የነካ ይቀራል» አሉን።

የጋሼ ትምህርት አጭር ነው። «ሰውየው ወዴት መሄድ ይፈልጋል? እዚያ ላከው» ይላሉ፤ አለቀ። ይህ ደግሞ ለእኔ አይበቃኝም። የትኛው እግር ይቀድማል? ክርን የት ይውላል? ብዬ ስጠይቃቸው ይስቃሉ። ስለዚህ ዝም ብዬ እሳቸውን ማየት ያዝኩና አንድ ነገር አገኘሁ። ጋሼ ሰው ሊጥሉ ሲሉ ግራ እግራቸውን አንስተው ያራግፋሉ። ሁልጊዜ! ምስጢሩ ይሄ ነው ብዬ ቤቴ በር ላይ ስለማመደው ከረምኩ፤ ተረከዙ የሚዞርበትን አቅጣጫ እንኳ አልሳትኩም። ለባጃጅ ነጂውም፣ ጓደኛ ነውና፣ አሳየሁት።

ተያያዝን። ግራ እግሬን አንስቼ በሚገባ አራገፍኩ። ገና መሬት ሳላስነካው ሰማይ አየሁ።

«ኧረ ማንጎ እንኳ እንዲህ ቶሎ አይወድቅም!» አለች ማንጎ ሻጯ።

ጋሼ መጥተው ከበላዬ ቆሙ። «እግርህን ምን ነካው?»

«የእርስዎ ዘዴ ነው፣ ጋሼ። ማራገፉ።»

ጋሼ ጉልበታቸውን ይዘው አሸዋው ላይ ቁጭ አሉና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ይሄ ጉልበት ድሮ ተሰብሯል። ይቆለፋል፤ ሳራግፈው ይከፈታል። ያንተም ይቆለፋል?»

«አይ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ይሄ አይቆጠርም። ድገሙት።»

«ጋሼ፣ ጀርባው አሸዋ ነክቷል እኮ!» አለ ባጃጅ ነጂው።

«ከኔ አይቶ ነው የወደቀው፤ የነካው የኔ ጀርባ ነው» አሉት።

ለሁለተኛው ምንም ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረኝም። እጄን የት እንደማደርገው እንኳ ጠፋኝ። የያዝኩት የጓደኛዬን ትከሻ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ቀኝ እየከበደ መጣ። ምን ሆነ ብዬ ወደ ታች ሳይ፣ ልማድ ክፉ ነው፣ ግራ እግሩን አንስቶ ያራግፋል፤ ልክ እንዳስተማርኩት። መሄድ ወደፈለገበት ላክሁት።

ጋሼ የቅዳሜዋን ቦታ ለእኔ ሰጡኝ። ባጃጅ ነጂው ግን እስከ ዛሬ፣ ተሳፋሪ ጭኖ ሲያልፈኝ ሳይቀር፣ «ሁለቱም እግሮቼ መሬት ላይ ነበሩ! አሸዋው ነው የከዳኝ!» ብሎ ይጮህብኛል። ስለዚህ ጋሼም፣ ማንጎ ሻጯ እህታችንም፣ ወንዝ ወርዳችሁ ከሩቅ ያያችሁንም፣ የጎደለውን ሙሉልኝ። ግራ እግሩ አየር ላይ ነበር ወይስ አልነበረም? ተረከዙ ወዴት ዞሮ እንደነበር ያየ ካለማ ደግሞ ደስታዬ እጥፍ ይሆናል።