ከንቲባችንን ሃፍላ ውስጥ አገኘኋቸው

ትናንት ጠዋት ከካላክላ ካርቱም ሁለት ወደሚባለው ሰፈር፣ ወደ ሥራዬ እየሄድኩ ነው። ሃፍላው፣ የከተማው አውቶቡስ፣ እንደ ሁልጊዜው ጢም ብሏል። አጠገቤ ሲሚንቶ የነካው ኮት የለበሱ ሸበቶ ሐበሻ ተቀምጠዋል። ልብም አላልኳቸው...

ስልካቸው ጠራ።

«ስማ! የመጸዳጃ ቤቱ ጉዳይ አፋጣኝ እልባት ይሻል! ተከራዮቹን በሙሉ ሰብስብና ውይይት ይደረግ!»

ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን ዞሬ አየኋቸው። ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ... ልጅ ሆኜ በፒክአፕ ከሚዞረው ድምፅ ማጉያ ስሰማው ነው ያደግኩት። የከተማችን ከንቲባ! አቶ ዘለቀ!

መጀመሪያ አስተማሪ ነበሩ። ከዚያ የቀበሌ ሊቀመንበር፣ ከዚያ ከንቲባ ሆኑ። ከምንጩ ውሃ ስበው ቦኖ ያስተከሉልን እሳቸው ናቸው፤ እናቶቻችን ወንዝ መውረድ የተዉት በእሳቸው ጊዜ ነው። መንገድ ይሰፋል ብለው በክረምት ዶዘር ያመጡብንም እሳቸው ናቸው። ቤታችን ሲፈርስ እናቴ ዝናቡ ውስጥ ቆማ አየች። ይኸው እስከ ዛሬ የሰው ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው። ከዚያ ከንቲባው በግምገማ ወረዱ፣ ታሰሩ፣ ተፈቱም ተባለ። የት እንደገቡ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ላናግራቸው ወይስ ዝም ልበል እያልኩ ሳሰላስል ሃፍላው ቆመ።

«ከሻ...» አለ ሒሳብ ሰብሳቢው ኩምሳሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከሻ ማለት አፈሳ ነው። ወረቀት የሌለውን ሐበሻ እየለቀሙ መኪና ላይ የሚጭኑበት። ሐበሻ የሆነ ሁሉ ኪሱን መዳበስ ጀመረ።

ፖሊሶች ገቡ። ከኋላ ወንበር ሁለት ሐበሾች አስወረዱ። አንደኛው «ቤተሰብ አለኝ፣ ቤተሰብ አለኝ» እያለ በአረብኛ ይለምናል። ማንም ቀና ብሎ አላየም... እኔም አላየሁም።

አለቃቸው እኛ ጋ ደረሰ። የኔን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አይቶ መለሰልኝ። የእሳቸው ግን ቀኑ አልፎበታል።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አላቸው በአረብኛ።

«ዑምዳ» አሉ።

ዑምዳ እዚህ የአገር ሽማግሌ፣ የመንደር ሹም ማለት ነው። ፖሊሱ ሲሚንቶ የነካውን ኮት ከላይ እስከ ታች አየና ፊቱ ተለዋወጠ። የተቀለደበት መሰለው። አንገታቸው ሥር ኮታቸውን ጨብጦ ከወንበራቸው አነሳቸው።

«ትቀልድብኛለህ? ውረድ! ያላ!»

እሳቸው የሚመልሱት አረብኛ የላቸውም።

እኔ እንዴት እንደተናገርኩ አላውቅም። «ያ ጀናቡ...» አልኩት፤ ባለሥልጣን የሚጠራው እንደዚያ ነው። «እውነታቸውን ነው። አገራችን የኛ ከተማ ዑምዳ ነበሩ። አውቃቸዋለሁ።»

ፖሊሱ ኮቱን ሳይለቅ ወደኔ ዞረ። ከንቲባውም ዞሩ። ማን እንደሆንኩ ጠፍቷቸዋል።

«እሺ፣ ጥሩ ዑምዳ ነበር?» አለኝ።

ሃፍላው በሙሉ እኔን ያያል። ጥሩ ነበሩ ብል ያልቃል። ግን እናቴ በዚያ ዝናብ ቆማ ፊቴ ድቅን አለች።

«ውሃ አስገቡልን» አልኩ። ከዚያ ሳላስበው ቀጠልኩ። «የእናቴን ቤት ግን አፈረሱ።»

ማፍረስና ቤት የሚሉትን ሁለት የአረብኛ ቃላት ግንባታ ላይ የሚውል ሰው አያጣቸውም። ከንቲባው ሰምተዋል። ዓይናቸውን ከኔ ላይ አነሱት።

ፖሊሱ ግን እስኪያስለው ሳቀ።

«ወላሂ እውነተኛ ዑምዳ ነው! የኛም ዑምዳ የአባቴን እርሻ ነው የወሰደው!» ኮቱን ለቀቀና ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ለጠፈው። «አሳድሰው፣ ያ ዑምዳ!»

ሃፍላው ተንቀሳቀሰ። የወረዱት ሁለቱ ሐበሾች ግን መንገድ ዳር ቀሩ...

ብዙ ሄደን ነው የተናገሩት።

«ዑምዳ የሚሉኝ የሥራ ጓደኞቼ ናቸው። ስደነግጥ እሱ አመለጠኝ።» ወደኔ ዞር አሉ። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የወይዘሮ ብርቄ። ከወፍጮ ቤቱ ጎን።»

«ሰማያዊ በር» አሉ ወዲያው። «ክረምቱ ይለፍ ብዬ ነበር... አሁን ካልጀመርክ በጀቱ ይመለሳል አሉኝ።»

ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አስተካከልኩ።

«ለመሆኑ መንገዱ አለቀ?»

በቀደም እህቴ የሰፈራችንን ፎቶ ልካልኛለች። ቤታችን የነበረበት ቦታ ሣር በቅሎበታል፣ ፍየሎች ይተኙበታል። መንገድ የሚባል ነገር የለም። ስልኬን አውጥቼ ላሳያቸው ፈለግኩ። ያን ሁሉ ሰው ያስለቀሱበትን ነገር ይዩት፣ ይወቁት ብዬ...

ፊታቸውን አየሁ። ውጤቱን ሊሰማ የተቀመጠ ተማሪ ይመስላሉ።

«አልቋል ጋሼ። አስፋልት ነው» አልኩ። ይሄ አንሶ፣ «ማታ ማታ ዳርና ዳር መብራት አለው» ብዬ ጨመርኩ።

«ተመስገን» አሉ። ወደ መስኮቱ ዞሩ። እስኪወርዱ ድረስ ፊታቸውን አላየሁትም።

ማታ ለእናቴ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ስለ መንገዱ ያልኳቸውን ሁለቴ አስደገመችኝ...

«አስፋልቱስ ይሁን» አለችኝ በመጨረሻ። «መብራቱን ምን አስጨመረሽ?»