የታጠበው ገብስ

በደብረ ታቦር በመንግሥት ቤተ ሙከራ ባገለገልኩባቸው ዓመታት ሻጋታንና እርሾን አብቅሎ መለየት የእኔ ድርሻ ነበር። የሚበቅሉበትን ምግብ፣ እኛ ሚዲያ የምንለውን፣ በእጄ አዘጋጅ ነበር፤ ስኳሩና አጋር የሚባለው የሚያረጋ ዱቄት በውኃ ይፈላል፣ በርዶ ሳይረጋ ባክቴሪያን የሚያጠፋ መድኃኒት ተጨምሮበት ሳህን ላይ ይፈስሳል። ባክቴሪያ ፈጣን ነውና ካልተከለከለ ዝግተኛው ሻጋታ ብቅ ሳይል ሳህኑን ይወርሰዋል። እኔ ባዘጋጀሁት ሳህን ላይ ግን ያልተፈለገ አይበቅልም ነበር።

አንድ ክረምት መውጫ ላይ ከጉና ግርጌ አንዲት እናት ገብስ በጨርቅ ቋጥረው መጡ። ጎተራቸው ውኃ ገብቶበታል፤ ከገብሱ የበሉ በጎች ሞተዋል። የልጅ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ፤ እስከ አጨዳ ድረስ ሌላ እህል የላቸውም። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ይበላል ወይስ አይበላም?

ፍሬውን በሳህኖቹ ላይ ዘርቼ ጠበቅሁ። ምንም አልበቀለም።

በቀጠሯቸው ሲመለሱ «እናቴ፣ ሻጋታ አላገኘሁበትም» አልኳቸው።

«ከየት ይገኝ ጌታው? በሦስት ውኃ አጥቤ፣ ጠቋቁሩን ለቅሜ፣ ፀሐይ አስጥቼ ያመጣሁት ነው። የሻገተ እህል ታቅፌ መንግሥት ቤት ልገባ ኖሯል?»

አጠገቤ የነበረው ባልደረባዬ ሳቁን ዋጠ። «እኛ እኮ የፈለግነው የጣሉትን ነበር» አላቸው።

«ታዲያ ቆሻሻ እንደምትወዱ ማን ነገረኝ?»

ተመልሰው ካልታጠበው አመጡልኝ። በዚህ ጊዜ ሳህኖቹ አረንጓዴና ግራጫ ሻጋታ ለበሱ፤ ባክቴሪያ የሚባል አልታየባቸውም። የእጄን ሥራ ወደድኩት። ነገር ግን ሚዲያ ሻጋታው መኖሩን እንጂ መርዝ ማውጣቱን አይናገርም፤ መርዙን የሚለካ መሣሪያ ደግሞ በእኛ ዘንድ አልነበረም።

ውጤቱን ሊሰሙ ሲመጡ «አይብሉት፤ መርዝ ሊኖረው ይችላል» አልኳቸው።

«ሊኖረው ይችላል ወይስ አለው?»

«ያንን ማወቅ አልቻልኩም።»

«የታጠበው ሻጋታ የለበትም ብለውኝ አልነበር? እንግዲያው አጥቤ አበላቸዋለሁ።»

ሻጋታው በውኃ ቢሄድ እንኳ መርዙ ከፍሬው ውስጥ ሊቀር እንደሚችል አስረዳኋቸው። ደግሜም አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እውነትዎን ነው ጌታው። ታዲያ ምን ላብላቸው?»

ከወረዳው የእህል እርዳታ እንዲጠይቁ መከርኳቸው።

«ወደ እርስዎ የላኩኝ እነሱ አይደሉም? ገብሱ መርዝ መሆኑን ማስረጃ አምጪ፣ ያኔ እንሰጥሻለን ነው ያሉኝ።»

እስክሪብቶዬን አነሣሁ። መርዝ ነው ብዬ እንዳልጽፍ አላየሁትም፤ አይደለም ብዬ እንዳልጽፍ ደግሞ በጎቹ ሞተዋል። ሻጋታ መገኘቱን፣ መርዛማነቱ ግን አለመታወቁን ጽፌ፣ ፈርሜና ማኅተም አድርጌ ሰጠኋቸው።

«መርዝ ነው ይላል?» አሉኝ፤ ማንበብ አይችሉም ነበር።

«አይልም፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ወረዳው እህል አይሰጠኝም» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ጉያቸው ከተቱት። የጉና መንገድ ሩቅ ነው ብለው መርቀውኝ ወጡ።