ጉርሻ የበዛበት ጎመን

ሰመራ ላይ አንድ ወጣት መምህር ተክል ያለ አፈር በውሃ፣ በጠጠርና በአሸዋ እንዴት እንደሚበቅል ሲያስረዳን «አዲስ ዘዴ» ባለ ቁጥር ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የኔ አባት በ1962 ዓ.ም. አዋሽ ባቡር ጣቢያ ሦስቱንም ዓይነት ሞክሮታል። የሞከረውም ለእውቀት ብሎ ሳይሆን ሚስቱ ጥላው እንዳትሄድ ነው።

አባቴ እሸቴ የጣቢያው የውሃ ሞተር ሠራተኛ ነበር። እናቴን ስንቅነሽን ከተጉለት ሲያመጣት «ወንዝ ያለበት አገር ነው» ብሏት ነበር፤ ስለ ሙቀቱ ግን ትንፍሽ አላለም። እሷም ከእናቷ ጓሮ የጎመን ዘር በጨርቅ ቋጥራ መጣች። የግቢያችን አፈር ጨዋማ ነው፤ ውሃ ጠጥቶ ሲደርቅ ላዩ ነጭ ይሆናል። ሁለት ዓመት ዘራች፣ ሁለት ዓመት አረረባት። እኔን ስታረግዝ «ከጥምቀት በኋላ እናቴ ዘንድ ሄጄ እወልዳለሁ» አለች። ለመውለድ ወደ እናት ቤት መሄድ ወግ ነው፤ ማን ይከለክላታል? አባቴ ግን እንደማትመለስ ከፊቷ ገባው። ከዘሩም የተረፈው አንድ ቁንጥር ነበር።

መልካ ወረር የጥጥ ምርምር ላይ የሚሠራ ገብረሥላሴ የሚባል ወዳጅ ነበረው። ገብረሥላሴ ጭንቀቱን ሰምቶ አንድ ጣሳ ማዳበሪያ ሰጠው። «አፈሩን እርሳው። በውሃም፣ በጠጠርም፣ በታጠበ አሸዋም ይበቅላል። ለአንድ ባልዲ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ በሳምንት አንዴ። እንዳትጨምር!» አለው።

አባቴ ዘሩን ሦስት ቦታ ከፈለው። በላምባ ቆርቆሮ ውሃ ላይ ያበቀለው ከሁሉ ቀድሞ ተመዘዘ፤ ግን ቀትር ላይ ውሃው ሻይ ይመስል እየሞቀ ሥሩ ሸተተ። ከሐዲዱ ሥር ለቅሞ በሣጥን የሞላው ጠጠር ደግሞ ውሃ አይዝም፤ በቀን አምስቴ ይጠማል። አንድ ቀን ሞተሩ ተበላሽቶ አባቴ እዚያው ሲውል ጠጠሩ ላይ ያለው ደርቆ ጠበቀው። በግማሽ በርሜል አሸዋ ያለው ብቻ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል አደገ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ቆቡን ሳያወልቅ መጀመሪያ የሚጎበኘው በርሜሉን ነበር።

ገና ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የቅጠሉ ጠርዝ እሳት እንደነካው ሆነ። አባቴ ደንግጦ ገብረሥላሴን አስጠራው። ገብረሥላሴ ከበርሜሉ ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ በምላሱ ነካ አድርጎ ተፋው።

«ጨው ነው! ማነው ማዳበሪያ የሚያጎርሰው?»

አባቴ ራሱን አከከ። «ጠዋት ጠዋት... አንዲት ማንኪያ ብቻ።»

ጎረቤታችን የወሎዋ ሁሪያ በአጥር ብቅ አለች። «ወላሂ ጋሼ፣ እኔም ባለፍኩ ቁጥር ከጣሳው ቆንጠር አርጌ ጣል አረግለት ነበር። አሳዘነኝ! ደሞስ ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ አይደል?»

«ማርም ሲበዛ ይመራል» አለ ገብረሥላሴ። ከዚያ ጣሳውን አጋድሞ አየ። «የሁለት ሰው ጉርሻ ይህን ያህል አያጎድለውም።»

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ለመንገድ ያዘጋጀችው ሻንጣ ከኋላዋ ይታያል። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ፣ «እኔም ሰጥቼዋለሁ» አለች። «ጎህ ሲቀድ፣ እሱ ሳይነሳ።»

አባቴ አልተቆጣም። የምትሄድ ሴት ጎህ ሲቀድ ተነስታ ጎመን አታጎርስም። ፊቱን ወደ ሐዲዱ አዙሮ አለቀሰ ትለኝ ነበር እናቴ፤ እሱ ግን ላብ ነው እያለ እስኪሞት ካደ።

ሦስት ቀን አሸዋውን በንጹሕ ውሃ አጠቡት። አራት እግር ተረፈ። ለገና ዋዜማ አንድ ጭልፋ የማይሞላ ጎመን ወጣው፤ ከሁሪያ ጋር ተካፍለው በሉት። የጥምቀት ማግስት ባቡር ጮኸ፣ ቆመ፣ ሄደ። እናቴ በርሜሉን ውሃ ስታጠጣ ነበር። እኔም አዋሽ ተወለድኩ።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። የዚያ ባቡር ጩኸትና የእርጥብ አሸዋው ሽታ ክፉኛ ይናፍቁኛል። አባቴን በእርጅናው፣ «ከሦስቱ የቱ ይሻላል?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«አሸዋው» አለኝ ሳያመነታ። «እናትሽ ያጎረሰችው እሱን ነዋ።»