ሀሲባ ባሕር ተሻግራ ያደረሰችው መርዶ

ሚኔሶታ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ውስጥ ሀሲባ በማለዳ ስታንኳኳ ደስ ብሎት በር የሚከፍት ሰው የለም። ክፉ ሆና አይደለም። ሳቂታ ናት፤ የታመመ ትጠይቃለች፣ የወለደች ታርሳለች። ነገር ግን ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሷ ነው። ሐዘንተኛው ሳይሰማ ሰዎቹን የምትሰበስበው እሷ ናት። አለቃው ዘንድ ደውላ "ዛሬ ሥራ አይገባም" የምትለው፣ ዘመድ አዝማዱን "ማንም በስልክ እንዳይነግረው" ብላ የምታስጠነቅቀው እሷ ናት። ጎህ ሲቀድ መኪኖቹ መብራታቸውን አጥፍተው ፓርኪንጉ ውስጥ ይቆማሉ። ሴቶቹ ከካፖርታቸው ሥር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይከተላሉ። ሀሲባ ከፊት ሆና ደረጃውን ትወጣለች።

ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ቤት ይጠሯታል። ሐዘንተኛውን መጀመሪያ ታስቀምጠዋለች። አንዷ ከግራ፣ አንዷ ከቀኝ እንድትይዘው በዓይኗ ታዛለች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ትነግረዋለች፤ ቃል አታበዛም፣ አትዋሽም። ከነገረችው በኋላም ቀኑ እስኪመሽ ከዚያ ቤት አትወጣም። መርዶ ነግሮ መሄድ በእሷ ዘንድ ነውር ነው።

ሰው ይቀልድባታል። ቸሩ የሚባል ታክሲ ነጂ አለ፤ አንድ ቅዳሜ የተዋሰችውን ድስት ልትመልስለት በጠዋት ብታንኳኳ፣ በሩን ሳይከፍት ከውስጥ ጮኸ አሉ።

"ማነው? አባቴ ነው? ንገሪኝ፣ አባቴ ነው?"

"ኧረ ድስት ነው!" አለችው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሁለተኛ ከረፋድ በፊት በሬን እንዳትነኪ!"

ይህን ሥራ ማን እንዳስተማራት የምታውቀው ፀዳለ ብቻ ናት። ሁለቱ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አብረው ይሠራሉ፤ ምሳ አብረው ይበላሉ። ፀዳለ የምታውቀው እንዲህ ነው።

ሀሲባ በልጅነቷ ከወሎ ወጥታ ሊባኖስ ሄዳ ነበር። ከቤይሩት በስተሰሜን፣ ባሕሩ ጠርዝ ላይ በተቀመጠች ትንሽ ከተማ ውስጥ ማዳም ናዲያ የምትባል ሴት ቤት ተቀጠረች። በልታ የምታድረው የተረፈውን ነበር፤ የምትተኛው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ በረንዳ ላይ። ያን ሁሉ ትረሳው ነበር። ያልረሳችው ሌላ ነው።

አንድ የበጋ ቀን ማዳም እንግዶች ጠርታ፣ ሀሲባ ወጥ ቤት ብርጭቆ ታጥብ ነበር። ባሕሩን በሚያየው ሰገነት ላይ ሳቅ በሳቅ ሆኗል። ማዳም በረዶ ልትወስድ ገባች። ማቀዝቀዣውን እንደከፈተች፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር፣ "እናትሽ ሞታለች" አለቻት። "ወንድምሽ ደውሎ ነበር፣ የፋሲካ ሰሞን። እንግዳ ስለሚበዛብን ነው ያልነገርኩሽ። ብርጭቆዎቹን ቶሎ በይ።" በረዶዋን ይዛ ወጣች።

የሀሲባ እጅ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ነበር። አጠበችው። አደረቀችው። ከሌሎቹ ጋር ደርድራ አስቀመጠችው። ያንን ብርጭቆ አለመስበሯ እስከ ዛሬ ይቆጫታል። ለእናቷ አንድም ቀን ጮኻ አላለቀሰችም፤ እርሟን አላወጣችም። በኋላም አሜሪካ ገብታ፣ ትዳር ይዛ፣ ቤት ገዝታ፣ ይሄ ነገር ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቆሞ ቀረ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ?

በሁለት ሺህ ስምንት ክረምት፣ በረዶው መንገዱን በዘጋበት ወር፣ ከሚኒያፖሊስ ሰሜን ምሥራቅ ያለ አንድ የሊባኖሶች ሱቅ ገባች። ወይራና ቅመም የምትገዛው ከዚያ ነው። ባንኮኒው ላይ ጥቁር ሪባን የታሰረበት የአንድ ወጣት ፎቶ ቆሟል። ዓይኖቹን አወቀቻቸው። ሰሚር ነበር፤ የማዳም ናዲያ ትንሹ ልጅ። አዝላ ያሳደገችው፣ እሹሩሩ እያለች ያስተኛችው፣ እናቱ ስትቆጣት ቀሚሷ ሥር የሚደበቅ የነበረው ሰሚር።

"ዘመዴ ነው" አላት ባለሱቁ። "ትምህርት ሊማር እኛ ዘንድ መጥቶ ነበር። ወደ ኩን ራፒድስ ሲሄድ መኪናው በረዶ ላይ ተንሸራተተችበት።"

"እናቱስ?"

"አልሰማችም። ልቧ በሽተኛ ነው። ሥራ በዝቶበት ነው፣ ስልኩ ተበላሽቶ ነው እያልናት ነው። ነሐሴ ላይ ታላቅ ወንድሙ ከካናዳ ይሄድና ቄሱንና ሐኪሙን ይዞ ቀስ ብሎ ይነግራታል።"

ሀሲባ ወይራዋን ይዛ መኪናዋ ውስጥ ገባችና ለልጁ አለቀሰች። እውነተኛ ለቅሶ ነበር። እንባዋን ጠርጋ መኪናውን ስታስነሳ ግን የሆነ ነገር ሆድ ዕቃዋ ውስጥ ሞቀ። ማዳም ናዲያ የማታውቀውን የማዳም ናዲያን ሐዘን እሷ ይዛዋለች። ቄሱንና ሐኪሙን ይዞ፤ ቀስ ብሎ። እንዴት ያለ ደግ ቤተሰብ ነው!

ለሐምሌ ፈቃድ ጠየቀች።

"ቫኬሽን? አንቺ?" አለች ፀዳለ፣ ምሳ ዕቃዋን እየከፈተች።

"እኔ ሰው አይደለሁም?"

"ሰው ፍሎሪዳ ይሄዳል። ሰው ላስ ቬጋስ ይሄዳል። አንቺ ያሰቃዩሽ አገር?"

"ባሕሩ ናፍቆኝ ነው።"

"ውሸታም! አሥር ሺህ ሐይቅ ያላት ሚኔሶታ ምን አጠፋች?" ሳቀች ፀዳለ። ሀሲባ አልሳቀችም። ፀዳለ ሹካዋን አስቀመጠች። "ምን ይዘሽ ነው የምትሄጂው?"

"መርዶ።"

ስለ ልጁ ነገረቻት። ፀዳለ ሰምታ ጨረሰችና፣ "ከማን ጋር ሆነሽ ልትነግሪያት ነው?" አለች።

"ብቻዬን።"

"መርዶ ብቻን ሆኖ አይነገርም፣ ሀሲብዬ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽን።"

"ለኔ ተነግሯል።"

"አላህን አትፈሪም?"

"እሱ ያየውን ያውቃል" አለችና እጇን ልትታጠብ ተነሳች።

ባሕሩ ጠርዝ ያለችው ከተማ አላረጀችም። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ያው የድንጋይ ግንብ ላይ አስጥተው ይጠግናሉ። የሎሚ ጭማቂ ሻጩ ያው ማዕዘን ላይ ነው፤ ምናልባት የቀድሞው ሰውዬ ልጅ። ሀሲባ በአሜሪካ ፓስፖርት ወደቡ አፋፍ ያለ ትንሽ ሆቴል ያዘች። የእንግዳ መቀበያው ልጅ ሻንጣዋን ተሸክሞ "እመቤቴ" ሲላት ወደኋላዋ ዞራ አየች፤ ማዳም የቆመች መስሏት።

ቀኑን እንደማንኛውም ጎብኚ ዋለች። ያኔ የማዳምን ልጆች ስትጠብቅ ከነጫማዋ ቆማ የምታየው ባሕር ውስጥ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባች። ውኃው ለብ ያለ ነበር። የተጠበሰ ዓሣ አዝዛ በላች፤ ያልጣማትን መለሰች። ባሕሩ እንዲህ ደስ እንደሚል ሳታውቅ እዚህ መኖሯ አበሸቃት። ከምሳ በኋላ ወደ ዳገቱ ወጥታ ቤቱን ከሩቅ አየችው። ሰገነቱ ላይ አንዲት ሐበሻ ልጅ ልብስ ታሰጣለች።

ያሰበችው ነገር በቅጡ የተሰናዳ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት፣ ቡና ሰዓት ላይ፣ ማዳም እንግዶች መሃል ሳለች ትገባለች። ወጥ ቤት ድረስ አስከትላት ትሄዳለች። ውኃ መውረጃው ጋ ስትደርስ፣ ፊቷን ሳታዞር ትነግራታለች። ሌሊቱን ሙሉ ግን እንቅልፍ አልያዛትም። ሰማዩ መቅላት ሲጀምር ተነስታ ፊቷን ታጠበች፣ ጥቁር ሻሿን አሰረች፣ ወጣች። ዳገቱን አጋምሳ ነው ምን እንዳደረገች የገባት። ለዓመታት በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ሻሽ፣ በዚህ ዝግ ያለ እርምጃ የሄደው እግሯ ራሱ ወስዷታል። መመለስ አፈረች። አንኳኳች።

የከፈተችላት ልብስ ስታሰጣ ያየቻት ልጅ ናት። መጥረጊያ ይዛለች። ደጃፉ ላይ ጥቁር ሻሽ ያሰረች የአገሯን ሴት በዚያ ሰዓት ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

"ሰላም አደርሽ፣ የኔ እህት። ስምሽ ማነው?"

"ሙሉ" አለች በሹክሹክታ።

"ሙሉ፣ እስኪ አንዴ…"

ልጅቱ ጨርሳ አልሰማቻትም። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። "እማዬ ናት!" አለች። "እማዬ ናት፣ አይደል? ሰው ልከው ነው!" ደረቷን እየደቃች እብነ በረዱ ላይ ተዘረጋች። "እማ! እማዬ! ሳላይሽ! ወየው እማዬ!"

ሀሲባ ስንት ቤት ስንት ሰው ሲጮህ ሰምታለች፤ በዚህ ቤት ግን፣ በዚህ ወለል ላይ፣ እናትን እንዲህ መጥራት ይቻል እንደነበረ አታውቅም ነበር። ተንበርክካ ልጅቱን አቀፈቻት። "አይደለም፣ የኔ ልጅ፣ ያንቺ አይደለም፣ ወላሂ ያንቺ አይደለም" ትላታለች፤ ልጅቱ አትሰማም። በዚያች ቅጽበት፣ ሌላ ነገር ባይመጣ ኖሮ፣ ሀሲባ ሙሉን አባብላ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ ወደ ሆቴሏ በተመለሰች ነበር። በኋላ ለፀዳለ የነገረቻት እንዲህ ነው፤ ፀዳለም አምናታለች።

ማዳም ናዲያ በሌሊት ልብሷ፣ ከዘራ ተደግፋ ወጣች። ፀጉሯ ሳስቷል። ሀሲባን አላወቀቻትም።

"ምንድን ነው ይሄ ጩኸት? አንቺ ማነሽ?"

ማዳም ልጅቱን አየች፣ ጥቁሩን ሻሽ አየች፣ ገባትና በከዘራዋ ወለሉን መታች።

"ሰው ሞቶባት ነው? ታዲያ ዛሬ ይነገራል? ማታ እኮ እንግዶች አሉኝ! እሑድ እስኪያልፍ ብትቆዪ ምን ነበረበት?"

ሀሲባ ሙሉን ቀስ አድርጋ ለቀቀቻት። ተነሳች። አረብኛው ሳይደናቀፍ መጣላት፣ ያኔ እንደተማረችው፣ ከነማዳም አነጋገሩ።

"የሷ ሰው አይደለም የሞተው" አለች። "ያንቺ ነው። ሰሚር ነው። በክረምት ነው የሞተው፣ መኪና ውስጥ፣ በረዶ ላይ። ሁሉም ያውቃል። ላንቺ ነው ያልነገሩሽ። አሁን እንግዶችሽን ተቀበይ።"

ማዳም ናዲያ አልጮኸችም። የሚደግፋት ሰው የፈለገች ይመስል ግራና ቀኟን አየች። ከዘራው ተንሸራተተ። ማዳም ቁልቁል ስትወርድ አይታ ከመሬት የተነሳችው ሙሉ ናት፤ የራሷ እንባ ሳይደርቅ ደርሳ ያዘቻት። ከራሷ ላይ ሻርፗን ፈታ የማዳምን ወገብ አሰረችላት፤ ሐዘንተኛ ወገቡ እንዳይቆረጥ አገሯ እንደሚያስሩት።

"እትዬ!" አለች። "ሰው ጥሪልኝ! ብቻዬን ምን ላድርጋት? የት ትሄጃለሽ? መርዶ ነግሮ ይኬዳል እንዴ?"

ሀሲባ ደረጃውን እየወረደች ነበር።

ደስ አላት። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። እስከ ታችኛው መንገድ ድረስ አየሩ ቀለላት፣ ባሕሩ ከቤቶቹ መሃል ሰማያዊ ሆኖ ታያት፣ ጉሮሮዋ ላይ የነበረው ነገር የለም። ከዚያ የሙሉ ድምፅ ከኋላዋ ተነሳ። ልጅቱ ሰገነቱ ላይ ወጥታ ባላት ጉልበት፣ በአማርኛ፣ ኡኡ ትላለች። ሀሲባ ያን ጩኸት ታውቀዋለች። ለቅሶ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ድረሱ ማለት ነው። አገሯ ቢሆን ጠቅላላ መንደሩ በባዶ እግሩ ደርሶ ነበር።

ከፊት ለፊት ያለ ቤት መስኮት ተከፈተ። አንዲት አሮጊት እንቅልፍ ባልለቀቀው ፊት አንገቷን አወጣች፤ መንገዱ ላይ የምትሄደውን ሀሲባን አየቻት።

"ምንድን ነው? ናዲያ ቤት ነው? ምን ሆኑ?"

ሀሲባ ቆመች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሴትዮዋ ጫማዋን አጥልቃ፣ ጎረቤቶቿን ቀስቅሳ፣ ማዳም ናዲያን ከግራ ከቀኝ የሚይዝ ሰው በደቂቃ ውስጥ በተገኘ ነበር።

"ምንም አይደለም" አለች ሀሲባ። "ሠራተኛዋ ናት።"

አሮጊቷ ራሷን ነቅንቃ መስኮቱን ዘጋች።