አፈር የተነፈገች እስስት

ካርቶን በጥፍር ሲቧጠጥ የሚወጣውን ደረቅ ድምፅ ዛሬም መስማት አልወድም። ሰመራ በምሠራበት ቢሮ አንዳንድ ቀን ድመት ትገባና የድሮ ፋይል የታጨቀበትን ካርቶን መቧጠጥ ትጀምራለች፤ ባልደረቦቼ እየሳቁ ሲያባርሯት እኔ ከወረቀቴ ቀና ማለት ያቅተኛል፣ ምክንያቱም ያ ድምፅ አዋሽ ወደነበረው ቤታችን፣ አራተኛ ክፍል ወደነበርኩበት ዓመት ይወስደኛል።

አባቴ ከወሎ መጥቶ አዋሽ ከተማ አማርኛ የሚያስተምር መምህር ነበር። የምንኖረው ከባቡር ሐዲዱ ብዙም በማይርቅ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ እየጋለ ቀኑን ሙሉ በሚንጣጣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። ከአጥራችን ማዶ እማማ መዲና የሚባሉ የአፋር ሴት ከልጃቸው ከአሲያ ጋር ይኖሩ ነበር፤ እሳቸው ጠዋት ጠዋት የፍየል ወተት ያመጡልን ነበር፣ አሲያ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እኛ ቤት ገብታ አባቴ ጠረጴዛ ላይ ከእኔ ጎን ትቀመጥ ነበር። ቤታቸው የሚነጋገሩት በአፋርኛ ስለነበር የአማርኛ ንባብ ይከብዳታል፤ አባቴ ታዲያ ጣቷን ይዞ ከፊደል ወደ ፊደል እያሻገረ፣ ስትሳሳት ሳይቆጣ፣ መጨረሻ ላይ እጁን ለቀቅ አድርጎ «ጎበዝ፣ አሁን ደግሞ ያለ እኔ» ሲላት ፊቷ ይበራ ነበር። እኔ ያለ ረዳት አነብ ስለነበር እንዲህ የሚለኝ አልነበረም። እቀናባት እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

እስስቷን ያገኘኋት መስከረም ላይ ነው። ዝናቡ ካበቃ በኋላ አጥራችን ጥግ ያለው የግራር ቁጥቋጦ ለምልሞ ነበርና፣ ቅርንጫፉ ላይ ቅጠል መስላ፣ አንድ ዓይኗን ወደ እኔ ሌላውን ወደ ዝንብ አዙራ ተቀምጣ አየኋት። እናቴ ስታያት አማትባ «ከቤቴ አውጪልኝ ይህን ነገር!» ብላ ጮኸች፤ አባቴ ግን ስቆ ባዶ የሳሙና ካርቶን ሰጠኝ። ጎኑን ቀዳድቼ፣ እንጨት አጋድሜበት፣ ወለሉን ጋዜጣ አልብሼ አስገባኋት። ፌንጣ እያሳደድኩ ይዤ አበላት፣ ውኃም በጣቴ እያንጠባጠብኩ አጠጣት ነበር፤ ረጅም ምላሷ ተወርውሮ ፌንጣውን ሲነጥቀኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ጥቅምት ሲገባ ወሬው ክፍላችን ደረሰ። እስከዚያ ድረስ ለጨዋታ ቡድን ሲመረጥ መጨረሻ የምቀረው እኔ ነበርኩ፤ አሁን ግን ልጆቹ «ባለ እስስቷ» እያሉኝ፣ በየቀኑ ተከታትለውኝ እየመጡ፣ እስስቷ ጥርሳቸውን ቆጥራ እንዳታረግፍባቸው አፋቸውን በእጃቸው ከድነው ካርቶኑን ይከቡት ነበር። ክዳኑን ማን እንደሚከፍት፣ ማን ቀድሞ እንደሚያይ የምወስነው እኔ ነበርኩ።

ኅዳር ላይ ሆዷ ተነፍቶ ጎኗ ይጎረብጥ ጀመር። አረንጓዴነቷ ጠቆር ብሎ ቢጫ ነጠብጣብ ወጣባት፤ ፌንጣ ሳቀርብላት ፊቷን ታዞራለች፣ ከእንጨቷ ወርዳ ከጥግ ወደ ጥግ እየተመላለሰች፣ ጋዜጣውን ቀድዳ የካርቶኑን ወለል ስትቧጥጥ ትውላለች። አሲያ ጎንበስ ብላ አየቻትና

«እንቁላል ይዛለች» አለችኝ። «የምትፈልገው አፈር ነው፣ እርጥብ አፈር። ቆፍራ ነው የምትጥለው።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«ወላሂ፣ ገጠር አያቴ ጋ አይቻለሁ። ደግሞ ሰው እያያት እንቢ ትላለች። ፍየል እንኳ ምጥ ሲይዛት ከሰው ዘወር ትላለች እኮ። ልቀቂያት።»

ለቅዳሜ የሌላ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ መጥተው እንዲያዩዋት ቃል ገብቼ ነበር። «ከቅዳሜ በኋላ» አልኳት።

ሐሙስ ከሰዓት እናቴ ሱቅ ልካኝ ስመለስ ካርቶኑ ባዶ ነበር። ወደ ጓሮ ሮጬ ስወጣ፣ አሲያ እስስቷን ከውኃ በርሜሉ ሥር፣ ሁልጊዜ ከሚርሰው አፈር ላይ አስቀምጣት፣ ራሷ ፈቀቅ ብላ ፊቷን አዙራ ቁጭ ብላለች። እስስቷ በፊት እግሮቿ አፈሩን እየጫረች፣ ጭንቅላቷ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ነበር። አፈር እንደተቀባች መንጭቄ አነሣኋትና «የማን ናት? የማን ናት እሷ?» ብዬ ጮህኩ። አሲያ አልተከራከረችኝም፤ «ትሞትብሻለች» ብቻ ብላ ደብተሯን ይዛ ወጣች። እኔም እስስቷን መልሼ ካርቶኑ ውስጥ ከትቼ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫንኩበት።

ቅዳሜ ልጆቹ ግቢያችንን ሞሉት። እስስቷ ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ሰርጉደው፣ በጠራራ ፀሐይ ጨፍና ተኝታ ነበር። አንዷ ልጅ «ታማለች እንዴ?» ብትለኝ «ደክሟት ነው» ብዬ፣ እንድትነቃ በእንጨት ነካ ነካ አደረግኳት።

እሑድ ጠዋት ሞታ አገኘኋት። ሳነሣት በስሱ ቆዳዋ ሥር እንደ አተር ፍሬ የተደረደሩ እንቁላሎች ጣቴ ላይ ተሰሙኝ፤ አሲያ ልክ እንደነበረች፣ የገደልኳትም እኔ እንደሆንኩ በዚያች ቅጽበት አወቅኩ። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ከነነጠላው ከኋላዬ መጥቶ «ምን አገኛት?» ሲለኝ ይህን ሁሉ አውቄ ነው የመለስኩለት።

«አሲያ ናት፤ ሐሙስ ዕለት ከካርቶኑ አውጥታ መሬት ላይ ጣለቻት።»

«አስቀመጠቻት» ማለት ነበረብኝ። የቀየርኩት አንድ ቃል ብቻ ስለነበር፣ ውሸት ሁሉ አልመሰለኝም ነበር።

በማግሥቱ እማማ መዲና ወተት ይዘው ሲመጡ አባቴ በሩ ላይ ጠበቃቸው፤ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ እሰማ ነበር። «መዲና፣ እህቴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሲያ የልጄን እስስት ጥላ ገድላታለች። ጥፋቷን አምና ይቅርታ እስክትጠይቅ ድረስ እኛ ቤት ባትመጣ ይሻላል።»

«የኔ ልጅ? ፍየል ስታዋልድ ያደገች ልጅ? እሷን ጠይቀሃታል መምህር?»

«ልጄ አትዋሽም» አለ አባቴ።

እማማ መዲና የወተቱን ዕቃ ይዘው ተመለሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ በራችንን አልረገጡም። አሲያ ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብላ አየችኝ፤ ለመምህራኑም ለልጆቹም ምንም አልተናገረችም። አባቴ ማታ ማታ ባዶውን ወንበር እያየ «ይቅርታ ለመጠየቅ ይህን ያህል?» ሲል እኔ ደብተሬ ላይ አቀረቅር ነበር። ጥር ላይ ከትምህርት ቤት ቀረች፤ እናቷ ገጠር ወዳሉት ዘመዶቻቸው ይዘዋት ሄዱ ተባለ። በክረምቱ አባቴ ወደ ሰመራ ተዛወረ፣ እኛም ዕቃችንን ጭነን ተከተልነው።

አምና በበጋው፣ ለንግድ ፈቃድ የመጡ ሰዎች በሚሰለፉበት መስኮቴ ላይ አንዲት ሴት ቅጽ ይዛ መጣች። ከሰመራ አጠገብ፣ ሎጊያ ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ቤት ልትከፍት ነው። ስሟን ሳነብ ቀና ብዬ አየኋት። የምትፈርምበትን ቦታ ሳሳያት አውራ ጣቷን ዘርግታ ቀለም ጠየቀችኝ።

«አሲያ» አልኳት።

ለረጅም ጊዜ አየችኝና «የመምህር ልጅ» አለች።

ሰልፈኛው ከኋላዋ እያጉረመረመ፣ ያኔ የዋሸሁት እኔ እንደነበርኩ በጥድፊያ ነገርኳት። ምናልባት ለእሷ አዲስ ነገር የምነግራት መስሎኝ ይሆናል።

«አውቃለሁ፤ እዚያው ነበርኩ እኮ» አለችኝ። «ያላወቀችው እናቴ ናት። "ለሰው አልናገርም፣ ለእኔ ብቻ እውነቱን ንገሪኝ፣ ጥለሻታል ወይ?" ስትለኝ፣ አልጣልኳትም ብላትም ሳታምነኝ ኖራ ነው የሞተችው።» ከዚያ «አባትሽስ ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አልነገርኩትም።»

ራሷን ነቀነቀችና ቅጹን በመስኮቱ ወደ እኔ ገፋችው። «አንብቢልኝ፤ ሁሉንም። የማላውቀው ወረቀት ላይ ጣቴን አላስቀምጥም።» ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነበብኩላት፤ ሁለት ቦታ አስቁማ ጠየቀችኝ፣ በጣቷ ፈረመች፣ ሄደች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፣ እኔም መጠየቅ አልደፈርኩም።

አባቴ ጡረታ ወጥቶ ዛሬ ደሴ ነው የሚኖረው፤ በየሳምንቱ እደውልለታለሁ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመምና ስለ ሰመራ ሙቀት እናወራና እንሰነባበታለን። ልጅ ሳለሁ የፈራሁት ቁጣውን ይመስለኝ ነበር። አሁን አርጅቶ ድምፁ ቀጥኗል፣ ቢቆጣም የሚያስፈራ አይደለም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ያኔስ ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ግን አይደለሁም።