ወርቅአፈራሁና የ«ስኳሬ» ፊልም

ወርቅአፈራሁ የሰው ጉንጭ እየቀባች ነው እንጀራዋን ስትበላ የኖረችው። ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ወረድ ሲባል፣ በአንድ ወርቅ ቤትና በአንድ ካሴት ቤት መሀል የተሸጎጠች ፎቶ ቤት አለች። እዚያ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ተጎንብሳ፣ በጥቁርና ነጭ የተነሡ ሙሽሮችን ከንፈር በቀጭን ብሩሽ ስታቀላ፣ የካባቸውን ጥልፍ ወርቃማ ስታደርግ ኖረች። እሷ የነካችው ፎቶ ላይ ያለ ሰው ከጠበል የተመለሰ ይመስል ነበር። በኋላ ግን የቀለም ፊልም መጣና ሰው ሁሉ ጉንጩን ከነቀለሙ ይዞ ይነሣ ጀመር። የወርቅአፈራሁ ብሩሾች ደረቁ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ገብረዮሐንስ ሊያሰናብቷት ልባቸው እምቢ አለ። በ1979 ዓ.ም. አንድ ዘመዳቸው በጅቡቲ በኩል የቪዲዮ ካሜራ ላከላቸውና መጀመሪያ ራሳቸው ተሸክመው አንድ ሠርግ ቀረጹ። ሙሽሮቹ ፊልሙን ሲያዩት የአንድም ሰው ጭንቅላት የለበትም።

«በይ አንቺ ሞክሪው» አሏት። «የእኔ ዓይን ጫማ ላይ ካላረፈ አይሆንለትም።»

ሞከረችው። ካሜራው ትከሻ የሚያጎብጥ ጉድ ነበር፤ ያም ሆኖ አሥራ ሦስት ዓመት ፊት ሲያጠና የኖረ ዓይኗ ሰው መቼ ሊስቅ፣ መቼ ሊያለቅስ እንደሆነ ቀድሞ ያውቅ ነበርና በሁለት ወር ውስጥ «ሴቷ ካሜራማን» የሚል ስም ወጣላት። አንዳንድ ሠርገኛማ ሙሽራዋን ትቶ እሷን ሲያይ ይውላል።

በቀጣዩ ዓመት አንድ ዘፈን ፒያሳን ወረራት። ጎረቤቷ ካሴት ቤት ከጧት ጀምሮ ይለቀዋል፤ ታክሲው ይቀበለዋል፤ ሊስትሮው ያፏጨዋል።

ስኳሬ የት ቀረሽ፣ ምነው ዘገየሽ፤
በር ላይ ቆሜአለሁ፣ ናፍቄ አንቺን ላይሽ።

ወርቅአፈራሁ ለዘፈኑ ሞተችለት። በቴሌቪዥን ዘፋኝ ሲታይ መጋረጃ ፊት ተገትሮ እጁን ያወዛውዛል፤ በቃ። እሷ ግን ይህን ዘፈን በሰማች ቁጥር በእያንዳንዱ ስንኝ ሌላ ሥዕል ይመጣባታል። አንድ ቀን «ለምን ራሴ አልሠራውም?» አለች። «ሰው እስኪያለቅስ የሚያስቅ አድርጌ!»

ለማሳቅ ደግሞ ማን እንደ ካሣሁን! ካሣሁን የአክስቷ ልጅ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱም በሰፈሩም የታወቀ ቀልደኛ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገባ ሰዎች ቀድመው አፋቸውን የሚይዙለት። የሴት ሻሽ አሰረ፣ ዓይኑን አንሻፈፈ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ሦስተኛውን ሳያስበው። ወርቅአፈራሁ ካሜራዋን ይዛ በሳቅ ልትሞት ደረሰች።

ፊልሙን መጀመሪያ ያሳየችው ለጎረቤቷ ለእትዬ አሰፋች ነበር። እትዬ አሰፋች እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ተመለከቱና በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጁ ምን ሆኖ ነው? ሐኪም አይቶታል?»

ፊልሙን ያዩት ሌሎቹም ለወጉ ያህል ፈገግ እያሉ ተሰናበቷት። ወርቅአፈራሁ በጣም ከፋት። ካሣሁን ጠላ ቤት ሲቀልድ የሚንከባለለው ሰው ሁሉ፣ እዚህ ምን ነካው? አንድ ሳምንት ሙሉ ፊልሙን እየመለሰች ብታየውም መልሱን አላገኘችውም።

መልሱን ያገኘችው የሰዓቷ መዘውር ተነቅሎባት ሰዓት ሠሪው አቶ ካሕሳይ ዘንድ የሄደች ቀን ነው። አቶ ካሕሳይ ስልሳ ያለፋቸው፣ ከረባታቸውን ሳያስሩ ከቤት የማይወጡ፣ ሲናገሩ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ካሴት ቤቱ ፊት ለፊት ስለሆነ ዘፈኑ በቀን አርባ ጊዜ ይገባላቸዋል። ወርቅአፈራሁ ስትደርስ አጉሊ መነጽር በአንድ ዓይናቸው ሰክተው፣ የአንዲት ሰዓት ሆድ ውስጥ አቀርቅረው፣ ከንፈራቸው ከዘፋኙ ጋር እኩል ይንቀሳቀሳል። «ልቤ ሰዓት ሆኖ ሲቆጥር ያድራል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ግድግዳቸው ላይ የተደረደሩትን ሃያ ሰዓቶች ተራ በተራ አዩና ከአንጀታቸው ተነፈሱ። ከሃያዎቹ ሁለቱ እንኳ አይስማሙም።

ወርቅአፈራሁ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ሳቀች።

«ምን ያስቃል?» አሉ አቶ ካሕሳይ።

«ይቅርታ አባባ፤ አሁን ያደረጉትን ብቀርጽዎ?»

«ምን አደረግሁ? ዘፈን ሰማሁ እንጂ።»

«እሱኑ ነው የምፈልገው።»

አሰቡበት። «በሁለት ነገር» አሉ በመጨረሻ። «አንደኛ፣ ሱፌን እለብሳለሁ። ሁለተኛ፣ በዘፈኑ ማንም አያላግጥም። ይህ ቁም ነገር ያለው ዘፈን ነው።»

«አባባ፣ ከእርስዎ የበለጠ ቁም ነገረኛ ከየት አገኛለሁ?»

እንዲህ ተጀመረ። ወርቅአፈራሁ «እንዲህ ይሁኑ» አላለቻቸውም። ዘፈኑ የሚለውን ብቻ እንደ ወረደ ወሰደችው። «ዓይንሽ ሁለት ፋኖስ ሌቱን የሚያበራ» በሚለው ላይ አንድ መብራቷ የጠፋ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ አቆመች፤ አቶ ካሕሳይ ፊቷ ተንበርክከው በፍቅር ዓይን አዩዋት።

«ስኳሬ የት ቀረሽ»ን ለመቅረጽ በተቀጣጠሩበት ማክሰኞ ግን የቀበሌው ሱቅ ስኳር ገባለት። አቶ ካሕሳይ በአንድ እጃቸው ጽጌረዳ፣ በሌላው ባዶ ከረጢትና ኩፖን ይዘው መጡ።

«ዛሬ አልችልም ልጄ፤ ተራዬ ያልፋል።»

ሰልፉ ከሱቁ በር ተነሥቶ፣ ማዕዘኑን ዞሮ፣ ዳቦ ቤቱን አልፎ ይሄዳል። ወርቅአፈራሁ አቶ ካሕሳይን አየች፤ ሱፉን አየች፤ ጽጌረዳውን አየች። ካሜራዋን ትከሻዋ ላይ አወጣች።

«እንግዲያው ተራዎን እየጠበቁ ይዝፈኑ።»

አቶ ካሕሳይ ዘፈኑ። እንደ ሥርዓቱ፣ ከልባቸው፣ ዓይናቸውን ከሱቁ በር ሳይነቅሉ። ከኋላቸው ቆርቆሮ የታቀፉት እትዬ አሰፋች ስለ ተራ ጠብ ላይ ስለነበሩ ካሜራ መኖሩንም አላወቁም።

ድምፁን ከካሴት ገልብጣ፣ ምስሉን በሁለት ማጫወቻ እየቀጣጠለች ጨረሰችው። የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር እሑድ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ የሕንድ ፊልም ያሳይ ነበርና ከዚያ በፊት አራት ደቂቃ ለመነች፤ ፈቀዱላት።

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ሰዓቶቹ ሲመጡ ከመሀል አንድ ሰው «ክክ» አለ። ታክሲዋ ስትመጣ ግማሹ ሳቀ። ሰልፉ ሲመጣ፣ አቶ ካሕሳይም ጽጌረዳቸውን ወደ ሱቁ በር ዘርግተው «ስኳሬ የት ቀረሽ» ሲሉ፣ አዳራሹ ተገለበጠ።

«ውይ! ያቺ እኔ አይደለሁ እንዴ?» ብለው ጮኹ እትዬ አሰፋች። «ተራዬን የቀማችኝም ይቺውላችሁ!»

ሰው ወንበር ይደበድባል፤ እንባውን ይጠርጋል፤ አብሮ ይዘፍናል። ወርቅአፈራሁ ግን የምታየው ከፊት የተቀመጡትን የአቶ ካሕሳይን ማጅራት ነበር። ቀስ ብለው ዞሩ። የሚስቀውን ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ።

«አየሽ» አሏት ጎንበስ ብለው፣ «ሁሉም ግጥሙን በቃሉ ያውቀዋል። ጥሩ ዘፈን እንዲህ ነው።»

ከኋላ ቆመው ያልሳቁት አንድ ሰው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፈቀደ ብቻ ነበሩ። ሰኞ ጧት ወርቅአፈራሁንና አቶ ካሕሳይን አስጠሩ።

«ስኳር የለም የሚለው ማን ነው?» አሉ ጠረጴዛቸውን እየመቱ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዘፈኑ ስለ ሴት ነው» አለች ወርቅአፈራሁ።

«ሴትየዋ ታዲያ የት አለች?»

«አልመጣችም። ዘፈኑም የሚለው ይህንኑ ነው።»

ጓድ ፈቀደ ወደ አቶ ካሕሳይ ዞሩ። አቶ ካሕሳይ ከረባታቸውን አስተካከሉ። «እኔ ያን ዕለት ሁለት ኪሎ ስኳር ተቀብያለሁ፤ ኩፖኔ ምስክር ነው። ፊልሙ ስኳር መምጣቱን እንጂ መጥፋቱን አያሳይም። ባይመጣማ ለምን እንሰለፍ ነበር?»

የሊቀመንበሩ ከንፈር አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ተመለሰ። «ሰልፉ ይውጣ!» አሉ። «ሌላው ይቆይ። እሑድ ራሴ ተቀምጬ አያለሁ።»

ወርቅአፈራሁ ሰልፉን አወጣች። በቦታው የምትተካው ምስል ግን አልነበራትም። ሰልፉን ከነድምፁ ብትቆርጠው ደግሞ ዘፈኑ ይበላሻል። ስለዚህ ምስሉን ብቻ አጥፍታ ድምፁን እንዳለ ተወችው።

እሑድ አዳራሹ እግር መጣያ አልነበረውም። ጓድ ፈቀደ ከፊት ወንበር ላይ ናቸው። ሰዓቶቹ አለፉ፤ ታክሲዋ አለፈች። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ድርግም ብሎ ጠቆረና ከጥቁሩ ውስጥ «ስኳሬ የት ቀረሽ» የሚል ድምፅ መጣ።

አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ተከትሎም አዳራሹ በሙሉ። ያለፈው ሳምንት ሳቅ ከዚህኛው ጋር ሲነጻጸር ጸሎት ነበር። ባለፈው ያየ ላላየው በጆሮው ይነግራል፤ ያላየውም ጥቁሩ ላይ የራሱን ሰልፍ፣ የራሱን ጎረቤት፣ የራሱን ቆርቆሮ ያያል። ጓድ ፈቀደ መሐረባቸውን አውጥተው አፋቸውን ያዙ። ትከሻቸው ግን ይዘል ነበር።

ሲያበቃ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው አየ። ተነሡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ምንም አላየሁም» አሉና ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ወርቅአፈራሁ ፋታ አጣች። የሚሠርግ ሁሉ ከሠርጉ ቪዲዮ ጋር «እንደዚያች ዓይነት አንድ ዘፈን» ይጠይቃት ጀመር። አቶ ካሕሳይም በየመንገዱ ሰላምታ ሲበዛባቸው ምክንያቱን ሁሉ በድምፃቸው ማማር ላይ አደረጉት፤ እሷም እውነቱን ልንገር ብላ አታውቅም።

አንድ ዓርብ ሰገነት የምትባል፣ ሥላሴ አካባቢ የምትኖር የቢሮ ጸሐፊ ወደ ፎቶ ቤቱ መጣች። አባቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ሲስቁ አይታቸው አታውቅም፤ ሌላ ሰው ሲስቅም ምክንያቱን ይጠይቃሉ።

«እሳቸውን ትቀርጪልኛለሽ?» አለች ሰገነት። «ግን እንዴት አድርገሽ እንደምታስቂባቸው እንጃ።»

ወርቅአፈራሁ ካሜራዋን ከመደርደሪያው አወረደች።

«እሱን ተዪው» አለች። «ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያንጎራጉሩት ዘፈን አለ?»